ክሩን ያልፈታሁበት መዘውር

ለመቃብሩ እየተጨነቀ ጤናውን ለሚረሳ ሰው በእኛ ሰፈር የሚወረወር አንድ አባባል አለ። ሰዉ ሲናገረው ይስቃል። እኔ አልስቅም፤ የወጣው በአባቴ ነውና።

አባቴ ማንደፍሮ ልብስ ሰፊ ነው። በረንዳችን ላይ ሁለት የስፌት መኪና አለን፤ አንዱ የእሱ፣ አንዱ የእኔ። መቀስ እጁ ሥር ተቀምጦ ክር የሚበጥሰው ግን በክራንቻው ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ!

አምና አንዲት የክሊኒክ ሠራተኛ ለራሳቸው ለሚሠሩ ሰዎች የጥርስ ኢንሹራንስ ይዛ መጣች። በየወሩ ትንሽ ይከፈላል፤ ማጠቡም፣ መሙላቱም፣ መንቀሉም እነሱ ዘንድ ነው። ውሉን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። አንድ እሾህ ነበረው፦ ከገባ ስድስት ወር ያልሞላው አይታከምም።

«አባዬ፣ ዛሬውኑ እንግባ» አልኩት። «ቀዝቃዛ ውኃ ስትጠጣ ትዘላለህ። ተቀጣሪውን መሥሪያ ቤቱ ያሳክመዋል፤ እኛስ ማን አለን?»

«ሳልታመም ልክፈል? ካልታመምኩስ ማን ይመልስልኛል?»

«ሦስት ዕድር የምትከፍለው ሞተህ ነው?»

«አፍሽን ያዢ! ዕድር ክብር ነው። ለጥርስ ድንኳን ይተከላል እንዴ?» አለና ክሩን ቀጭ አደረገው።

እኔ ለራሴ ፈረምኩ።

ዘንድሮ ለዳግማይ ትንሣኤ ሠርግ የስድስት ሚዜ ሱፍ ተቀብሎ ሳለ ክራንቻው ተነሣበት። ጉንጩን በነጠላ አስሮ ወደ ክሊኒኩ ሮጠ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ቢመዘገቡ የሚታከሙት ከስድስት ወር በኋላ ነው። አለዚያ ከኪስዎ» አለችው ሠራተኛዋ።

ዋጋውን ሲሰማ ተሳድቦ ወጣ። «እኔ ልክፈልልህ» ስለው «ለአንዲት ጥርስ! ክር አጣሁ እንዴ?» ብሎ ጮኸብኝ። ከዚያ የቁልፍ መትከያ ክር በክራንቻው ላይ ቋጠረ፤ ሌላውን ጫፍ ከመኪናው መዘውር ጋር አሰረና ፔዳሉን ረገጠ።

ጥርሱ ከወገቡ ተሰበረ። ሥሩ እዚያው ቀረ። በማግሥቱ ዓይኑ በእብጠት ተከደነ፤ ትኩሳቱ አንቀጠቀጠው። አምስት ቀን ሆስፒታል ተኛ። እኔ ብቻዬን ሁለት ሱፍ አደረስኩ፤ አራቱን ባለቤቶቹ እየረገሙን እንደተቆረጠ ወሰዱት። የሠላሳ ዓመት ስም በአንድ ሳምንት!

ቤት ሲመለስ የሦስቱም ዕድር ሰዎች ሊጠይቁት መጡ። እኔ ክሩን ሆን ብዬ ከመዘውሩ አልፈታሁትም ነበር፤ ይዩት ብዬ።

አባቴ ጠማማ አፉን ይዞ «ዕድሩ ለሕክምናው ምንም አያግዘኝም?» አለ።

ሰው ሲሞት ሰፈሩን የሚቀሰቅሱት ጥሩንባ ነፊው ባሻ ይርዳው «ማንዴ፣ እኛ የምንከፍለው እኔ ስነፋ ነው። ልንፋልህ?» አሉት።

ማንም አልሳቀም። ባሻ የተንጠለጠለውን ክር አዩ፣ ያበጠ ጉንጩን አዩ፣ ራሳቸውንም ነቀነቁና «ለሬሳው ሦስት ዕድር፣ ለጥርሱ አንድ ክር!» አሉ።