የተፈተገው አንባር

አንድ እናቱን የሚወድ ሰው ነበረ። ደብሪቱ፣ ከዐረብ አገር የተመለሰችው ልጅሽ ዝም ብላ መቀመጧ አስጨንቆሽ፣ «ምን ባደርጋት እንደ ድሮዋ ትሆንልኛለች?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። መልሱ ከዚህ ሰው ዘንድ ነውና ስሚኝ።

ይህ ሰው ጨቅላ ሳለ አገሩን ክፉ ረኃብ መታው። እናቱ እሱን አዝላ፣ ታላቅ እህቱን በእጇ ይዛ ተሰደደች። ልጅቱ ግን መንገዱን አልቻለችውም፤ አንድ ሜዳ ላይ ሞተች። እናት በገዛ እጇ ቀበረቻት። ያን ጊዜ በዚያ ሜዳ ልጁን ሳይቀብር ያለፈ ጥቂት ነው። ኋላም ጎርፍ መጥቶ የመቃብሮቹን ድንጋይ ጠራርጎ ወሰደው።

እናትየዋ አረጀች። «ሳልሞት የልጄን አፈር ባውቀው፣ አጠገቧ ቅበሩኝ እል ነበር» ትል ጀመር። ሌላ ምኞት አልነበራትም።

ይህ ነገር ልጇን እንቅልፍ ነሳው። እህቱ ከነመዳብ አንባሯ መቀበሯን እናቱ ነግራዋለች። ስለዚህ ወርቅ ፈላጊዎች ዘንድ ሄደ፤ ከመሬት በታች ብረት ሲያገኝ የሚጮኽ ማሽን ተዋሰ። ሜዳውን እየዞረ ሲፈልግ ሰነበተ። በመጨረሻ ማሽኑ ጮኸ። ቢቆፍር አረንጓዴ ዝገት የበላው ትንሽ አንባር አገኘ። ጉድጓዱን መልሶ ደፈነና ምልክት አቆመበት። አንባሩን ይዞም አለቀሰ።

ቤቱ ሲደርስ ግን፣ «እናቴ ይህን ቆሻሻ አይታ ልቧ አይሰበር» አለ። መልካም ልብ ነው፤ መልካም ልብም ያጠፋል። በሎሚ ዘፈዘፈው፤ በአመድና በአሸዋ ፈተገው። ዝገቱ ላይ የተጣበቀ ነገር ነበረ፤ አፈር ይሁን ሌላ ሳይመለከት እሱንም አብሮ ፈተገው። አንባሩ ትናንት ከገበያ የተገዛ መሰለ።

ለእናቱ ሰጣት። አገላብጣ አየችው፤ በጣቷም ዙሪያውን ዳሰሰችው።

«ልጄ፣ እንዲህ ያለ አንባርማ የሁላችንም ልጆች ያደርጉ ነበር፤ ሠሪው አንድ ሰው ነው» አለችው። «ሌሎቹ ልጆቻቸውን በቅጠል ሸፍነው ቀበሩ። እኔ ግን የነጠላዬን ጫፍ ቀድጄ እጇን ከነአንባሩ ጠቅልዬው ነበር። ጨርቅ አልተጣበቀበትም?»

«የተጣበቀ ነገርስ ነበረ፤ ምን እንደሆነ ግን አላየሁትም። ለማጽዳት ቸኩዬ ነበር» አላት።

እናት አንባሩን በጉያዋ አስገባችው። የልጇ ይሁን የሌላ ሰው ልጅ ሳታውቅ አለቀሰችበት። ስትሞትም የት እንደሚቀብሯት ሳትናገር ሞተች።

ደብሪቱ፣ ልጅሽ ከመጣች ጀምሮ ጎረቤቱ ሻንጣዋን ይቆጥራል። አንቺም በሰው ፊት እንድታበራልሽ፣ «ሳቂ፣ ተጫወቺ፣ ደህና ልብስ ልበሺ» እያልሽ ትፈትጊያታለሽ። ክፋት እንደሌለሽ አውቃለሁ፤ ያም ሰው ክፋት አልነበረበትም። የልጅሽ ዝምታ እንደዚያ ዝገት ነው፤ ያገኛትን ሁሉ ይዞ ተቀምጧል። አትፈትጊው። አጠገቧ ተቀምጠሽ ተመልከቺው። አፏን የከፈተች ቀን፣ «አዎ ልጄ፣ አይቼዋለሁ» የምትላት እናት ያስፈልጋታል።