ይርገዱና ዝም ያለው ክላርኔት

ጆሮ ያለው ይስማ፤ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ።

ይርገዱ የምትባል ልጅ ነበረች። እናቷ ሞታለች፤ አባቷ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ዛሬ መጣ ሲሉት ነገ የለም። ለከተማው አዲስ ናት። ከትምህርት ቤት ተመልሳ በሩን ስትከፍት «መጣሁ» ትላለች፤ ግድግዳው ደግሞ እንደምታውቁት መልስ አይሰጥም። የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ክላርኔት። ለምን ቢሉ፣ በትምህርት ቤቱ ባንድ ውስጥ በግራም በቀኝም ሰው የተቀመጠበት አንድ ባዶ የክላርኔት ነፊ ወንበር ነበረ። የባንዱ አስተማሪ ጋሽ ሽብሩ የዕቃ ቤቱን በር ከፈቱና «መርጠሽ ውሰጂ፤ ቅዳሜ አንድ ድምፅ ካወጣሽበት ወንበሩ ያንቺ ነው» አሏት።

ዕቃ ቤቱ ውስጥ ሦስት ክላርኔቶች ተኝተዋል። ይርገዱ እጇ መጀመሪያ የሄደው ወደሚያብለጨልጨው ነበር። «እኔ የጥቁር እንጨት ዘር ነኝ፤ ብርድ ሲነካኝ እሰነጠቃለሁ፤ ጀማሪ አይነካኝም» አለ እሱ። የብረቱን አነሳች። «ቀዳዳዬ ሰፊ ነው፤ ያንቺ ቀጭን ጣት አይደፍነኝም» አለ። ከሣጥኑ ሥር አንድ የፕላስቲክ ክላርኔት ነበር፤ ሙያ በልብ ነው ብሎ ዝም ያለ። ጣቷን አሳረፈች፤ ልክክ አለ። እሱን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።

ቤት ገብታ ነፋችው። ወጣ የተባለ ነገር ቢኖር ትንፋሽ ብቻ ነው። «አፌ ላይ ስስ የሸምበቆ ምላስ ካልታሰረ አልዘፍንም። ወፍራሙን ደግሞ አንቺ አትችይውም» አላት ክላርኔቱ።

ወደ ወንዙ ወረደች። «አንተ ሸምበቆ፣ ስስ ምላስ ስጠኝ፤ ክላርኔቱ አልዘፍን አለ፤ እኔም ብቻዬን ቀረሁ።» ሸምበቆው ተወዛወዘና «ቢላዋ ካልቆረጠኝ አልሰጥም» አለ።

ወደ ቢላዋው ሄደች። «አንተ ቢላዋ፣ ሸምበቆውን ቁረጥልኝ፤ ሸምበቆው አልሰጥ አለ፤ ክላርኔቱ አልዘፍን አለ፤ እኔም ብቻዬን ቀረሁ።» ቢላዋው «ደንዝዣለሁ፤ ድንጋይ ካልሳለኝ አልቆርጥም» አለ።

ወደ መሳያው ድንጋይ ሄደች። «አንተ ድንጋይ፣ ቢላዋውን ሳልልኝ፤ ቢላዋው አልቆርጥ አለ፤ ሸምበቆው አልሰጥ አለ፤ ክላርኔቱ አልዘፍን አለ፤ እኔም ብቻዬን ቀረሁ።» ድንጋዩ «ደርቄያለሁ፤ ውሃ ካላራሰኝ አልስልም» አለ።

ቤት ያለው የውሃ ጀሪካን ባዶ ነው። አንጠልጥላው ወደ ቦኖው ሄደች፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚቀዳበት ቧንቧ ነው። «አንተ ውሃ፣ ድንጋዩን አርስልኝ፤ ድንጋዩ አልስል አለ፤ ቢላዋው አልቆርጥ አለ፤ ሸምበቆው አልሰጥ አለ፤ ክላርኔቱ አልዘፍን አለ፤ እኔም ብቻዬን ቀረሁ።» ውሃው ከቧንቧው ውስጥ ሆኖ «እትዬ አስናቁ ካልከፈቱልኝ አልወርድም» አለ።

እትዬ አስናቁ የቦኖው ጠባቂ ናቸው። ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል። «እትዬ አስናቁ፣ ውሃውን ይክፈቱልኝ፤ ውሃው አልወርድ አለ፤ ድንጋዩ አልስል አለ፤ ቢላዋው አልቆርጥ አለ፤ ሸምበቆው አልሰጥ አለ፤ ክላርኔቱ አልዘፍን አለ፤ እኔም ብቻዬን ቀረሁ።»

«አልከፍትም» አሉ እትዬ አስናቁ። «ሰፈሩ ሁሉ ከእጄ ይጠጣል። ጀሪካኑን ይሞላል፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይሄዳል። ልጄ ተድራ ከሄደች ወዲህ እንደምን ዋሉ ያለኝ ሰው የለም። የሚያጫውተኝ ካላገኘሁ ዛሬ ውሃ የለም።»

ይርገዱ የሚያጫውት ሰው ልትፈልግ ዞር ዞር አለች። መንገዱ ጭር ብሏል። ቢኖርስ ማንን ታውቃለች? ልቧ ተሰበረ፤ ልትመለስም ተነሥታ ነበር። ግን አሮጊቷን ዘወር ብላ ስታይ፣ ፊታቸው የራሷን ቤት ግድግዳ መሰላት። ጀሪካኑን ገልብጣ ተቀመጠችበት።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ?»

«ምን ውሎ አለ ብለሽ ነው፣ ልጄ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ለሰለሰ። ስለ ልጃቸው ሠርግ አወሩላት። እሷም ስለ አባቷ መንገድ አወራች፤ ቀጥሎ ስለ እናቷ፤ ስለ እናቷ ስታወራም አለቀሰች። እትዬ አስናቁ በነጠላቸው ጫፍ መጀመሪያ የእሷን ዕንባ፣ ኋላ የራሳቸውን ጠረጉ። ከዚያ ቁልፉን ከአንገታቸው አወጡ።

እትዬ አስናቁ ቦኖውን ከፈቱ፤ ውሃው ወረደ፤ ውሃው ድንጋዩን አራሰ፤ ድንጋዩ ቢላዋውን ሳለ፤ ቢላዋው ሸምበቆውን ቆረጠ፤ ሸምበቆው ስስ ምላስ ሰጠ፤ ምላሱ ከክላርኔቱ አፍ ታሰረ፤ ክላርኔቱም ዘፈነ። ዘፈነ እላለሁ እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እንደ ፍየል ጮኸ።

ቅዳሜ ይርገዱ ባንዱ ፊት ቆማ ነፋች። ልጆቹ ሳቁ። ጋሽ ሽብሩ ጆሯቸውን ይዘው «እኔ ድምፅ አልኩ እንጂ ጥሩ ድምፅ መች አልኩ? በይ ተቀመጪ» አሏት። ባዶው ወንበር አጠገብ ያለችው ልጅ ጥሩምባዋን ወደ ጭኗ ሰበሰበችና ጠጋ አለችላት።

ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬም ደረቀ። ውሃ ያለው ያቀብለኝ፤ ሰጥቶኝ ግን ቶሎ አይሂድ።