ጥሩምባ ነፊውና የተበጠሰችው ክር

«አንድ ጥሩምባ ነፊ ነበረ» አሉ ጋሽ ይርዳው።

ይህን ያሉት ለምንታምር ነው። ምንታምር አባቷ ከተቀበሩ ወዲህ ከታላቅ ወንድሟ ጋር ተነጋግራ አታውቅም። በማግስቱ ቤቱ ልትሄድ ቆርጣ፣ ፍርሃቱ ግን ምግብ እንኳ ከልክሏት፣ የአባቷን የልብ ወዳጅ ልታማክር መጣች። «የምናገረውን ሁሉ በቃሌ አጥንቼዋለሁ፤ እሱ ግን ያላሰብኩትን ቢመልስልኝ ምን እሆናለሁ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው ሙዚቃ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ነበሩና ምሳሌውንም ያመጡላት ከዚያው ነው።

ጥሩምባ ነፊው ያደገው በማርሽ ባንድ ውስጥ ነው። ኖታ ፊቱ ከተዘረጋ አንዲት ድምፅ አይስትም። «ኖታው ቢሳሳት እንኳ እሱ አይሳሳትም» ይሉለት ነበር። አለቆቹም ተምሮ ሲመለስ አሠልጣኝ ሊያደርጉት ዩኒቨርሲቲ ላኩት። ሚስቱ ደስታዋን መያዝ አቅቷት ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች።

ታዲያ ከትምህርቶቹ አንዱ፣ ሳይጻፍና ሳይጠና፣ እዚያው ቆሞ እየፈጠሩ መጫወት ነበር። አብረውት የሚማሩት ለጋ ወጣቶች ናቸው፤ እየተሳሳቁ ይገቡበታል። እሱ ተራው በደረሰ ቁጥር ከንፈሩ ይደርቃል።

«ምን ልጫወት?» ብሎ አስተማሪዋን ጠየቃት።

«ሌሎቹን ስማ። የምትለው ሲመጣልህ በል።»

«ካልመጣልኝስ?»

«ዝም በላ። ዝምታም ከጨዋታው ነው።»

ዝምታ! እሱ በኖረበት ባንድ ዝም የሚለው ጥሩምባ የተቀጣ ሰው ጥሩምባ ነው። የዚያን ቀን ከፍ ዝቅ እያለ ድምፆቹን በተርታ ነፍቶ ተቀመጠ። አንድ ልጅ ከኋላ ሳቀ። ምናልባት የሳቀው በሌላ ነገር ይሆናል፤ እሱ ግን ሳቁን ይዞት ቤቱ ገባ።

ከዚያ በኋላ መላ ዘየደ። የሚጫወተውን አስቀድሞ ቤቱ ይፈጥርና ድንገት የመጣለት እስኪመስል ድረስ ያጠናዋል። ማመንታቱን ሳይቀር አጠናው፤ እዚህ ጋ ቆም፣ እዚህ ጋ የጠፋበት መምሰል፣ ከዚያ አገኘሁት ብሎ መቀጠል። ሚስቱ ጓዳ ሆና ስትሰማ ሰንብታ፣ «ምነው፣ ሁልጊዜ አንዱ ቦታ ላይ ስትደርስ ትረሳዋለህሳ?» አለችው። በሩን ዘግቶ ከመጀመሪያው ጀመረ።

ክፍል ውስጥ ሲነፋው ወጣቶቹ አጨበጨቡለት። አስተማሪዋ ምንም አላለችም። ደስ ሊለው ሲገባ ጭንቀቱ ባሰበት። ጭብጨባው ነገም ይጠበቅበታል፤ ለእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ አዲስ ማጥናት አለበት። ደግሞም አስተማሪዋ ባየችው ቁጥር «አውቃብኛለች» ይላል። ከሳ። ቤት ውስጥ ትንሹ ልጁ ሲያጫውተው እንኳ ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ድምፅ ይቆጥራሉ።

የማጠቃለያ ፈተናው ቀን ደረሰ። ቅኝቱ ባቲ እንደሆነ ተነግሯቸዋል፤ ከማን ጋር እንደሚጫወቱ የሚያውቁት ግን እዚያው መምህራኑ ፊት ሲቆሙ ነው። እሱ ከአንዲት ክራር ደርዳሪ ልጅ ጋር ተመደበ። ይህን ካላለፈ ወደ ባንዱ የሚመለሰው አሠልጣኝ ሆኖ አይደለም።

ልጅቱ ጀመረች። ብዙም ሳትሄድ አንዲት ክር ጧ ብላ ተበጠሰች።

ልጅቱ አላቆመችም። በቀሩት ክሮች ቀጠለች፤ ግን ዜማው ያቺ ክር ያለችበት ቦታ ላይ ሲደርስ እንደሚያነክስ ሰው ጎደል እያለ ይሄዳል። ፊቷ በአንዴ ቀላ። ጥሩምባ ነፊው ይህን ሁሉ አየ፤ ግን ተራው ደርሷልና ያጠናውን ጀመረ። በደንብ ነፋው። በነፋው መጠን የልጅቱ ድምፅ እየተዋጠ፣ እሷም መግቢያ እየጠፋት ሄደች። ጥሩምባው በአንድ መንገድ፣ ክራሩ በሌላ መንገድ።

ያጠናት ማመንታት ላይ ደረሰና እንደ ልማዱ ቆም አለ። የሚያስብ መሰለ። በዚያች ባዶ ቦታ ውስጥ ልጅቱን ሰማት። እስከዚያ ድረስ አይቷት እንጂ ሰምቷት አያውቅም።

ቀጣዩን ያውቀዋል፤ ምላሱ ጫፍ ላይ ነው። አልነፋውም።

መምህራኑ ቀና አሉ። ዜማው ዞሮ ያቺ የጎደለችው ቦታ ላይ ሲደርስ፣ አንዲት ድምፅ ብቻ፣ በቀስታ ነፋ፤ ክሯ ብትኖር ትለው የነበረውን። ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ዜማው ግን አላነከሰም። ሲዞር ደገመላት። ልጅቱ ትከሻዋ ላላ አለ፤ ቦታውን ሰፋ አድርጋ ተወችለት፤ እሱም ሁለት ሦስት ድምፅ ጨመረ፤ እሷ መለሰችለት። አንድ ቦታ ላይ በግልጽ ሳተ። ሳይጠግቡት ቶሎ አለቀ።

ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ያጠናሁትን ትቼ በአንዲት ድምፅ ወደቅሁ፣ ሚስቴን ምን ልበላት እያለ ሲብሰለሰል አስተማሪዋ መጣች።

«አልፈሃል» አለችው። «ነጥብህ ብዙ አይደለም፣ ግን አልፈሃል። እስከ ዛሬ አጥንተህ እንደምትመጣ አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ እሱንም ታጠናዋለህ ብዬ።»

ወደ ባንዱ ተመልሶ አሠልጣኝ ሆነ። ከሰው ፊት ሲቆም ግን እስከ ዛሬም ከንፈሩ ይደርቃል።

ጋሽ ይርዳው ወደ ምንታምር ዞሩ።

«ምንታምርዬ፣ ጥሩምባ ነፊው አንቺ ነሽ። ክሩ የተበጠሰበት ወንድምሽ ነው። አባታችሁ ሲሞቱ አንድ ነገር ተበጥሶበታል፤ ምን እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ አንቺም ቤትሽ ተቀምጠሽ አታጠኚውም። ሲናገር ብቻ ነው የሚሰማው።»

«ያጠናሁትን ልተወው ታዲያ?»

«ለምን ትተይዋለሽ? ያ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ባይነፋ ያቺን አንዲት ድምፅ ከየት ያመጣት ነበር? ይዘሽው ሂጂ። ግን ቀድመሽ አትንፊበት።»

ምንታምር ነጠላዋን ጠቅልላ ተነሳች። «ጋሼ፣ እዚያ ስደርስ ቃል ቢጠፋኝስ?»

«ይጥፋሽ» አሏት። «ያን ጊዜ ትሰሚዋለሽ።»