የተሰረጎደው በር

አንድ ባለታክሲ ክረምት ሳይገባ የሚያፈስ የቤቱን ጣራ ለመቀየር አሮጌ ቮልሱን ሊሸጥ ቆረጠ። የጠራው ደላላ የመኪናዋን የተሰረጎደ በር አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«በስቱኮ አስሞላውና ቀለም አስቀባው እንጂ! እንዲህ ሆና ማን ይገዛታል?» አለው።

«በሩን አልነካውም» አለ ባለታክሲው።

በማግስቱ ደላላው ገዢ ይዞ መጣ። ገዢው ሲያስነጥሳቸው ከተማው በሙሉ «ይማርዎት» የሚላቸው ዳኛ ኀይለልዑል ናቸው። ለልጃቸው መንዳት መለማመጃ የምትሆን መኪና ፈልገዋል። ቮልሷን ዞሯት፤ ጣራዋን በጣታቸው አንኳኩ፤ በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ፊታቸው ተኮሳተረ።

«ይኼ ምንድን ነው? ይህን የሚያህል ጉዳት ይዘህ ገበያ ትወጣለህ? ወይ አሠርተህ አምጣ፣ ወይ ዋጋውን በግማሽ ቀንስ!»

«እኔም ብዬው ነበር፣ ጌታዬ» አለ ደላላው ፈጠን ብሎ። የተሰበሰበውም ሰው «እውነትዎን ነው» እያለ አጀባቸው።

ባለታክሲው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«ክቡር ዳኛ፣ ባለፈው ጥምቀት መኪናዎን ወደ ኋላ ሲነዱ ይህንን በር የገጩት እርስዎ ነዎት። ይካሱኝ ብልዎ፣ ‹አሮጌ መኪና ላይ ይህ ጉዳት አይባልም› ብለው እዚያው መንገድ ላይ ፈርደው ሄዱ። ይግባኝ እንዳልል በዚህ ከተማ ከእርስዎ በላይ ዳኛ የለም። ታዲያ እርስዎ የፈረዱትን እኔ በስቱኮ ልሻረው?»