ሸማኔው ከገደሉ አፋፍ ያየው

አንድ ሸማኔ ነበረ፤ መሬት የሌለው፣ በሰው አገር ተጠግቶ የሚኖር።

መሪጌታ ልሳኑ ታሪኩን እንዲህ ብለው የጀመሩት ለእመት ይርገዱ ነው። እመት ይርገዱ የልጅ ልጅ ያዩ ሴት ናቸው። ስድሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ማንበብ ልማር ብለው ተነሥተው፣ ወደ መሪጌታ ቤት መመላለስ ከጀመሩ መንፈቅ ሆኗቸዋል። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን መጽሐፉን ዘጉት።

«የኔታ፣ ፊደሉን አውቀዋለሁ» አሉ። «አንድ በአንድ ቢጠይቁኝ አልስትም። ቃሉ ግን አይታየኝም። መጨረሻው ፊደል ላይ ስደርስ የመጀመሪያው ይጠፋኛል። ሌላው ሰው እያየው እኔ የማላየው ነገር ምንድን ነው? አእምሮዬ አርጅቶ ከሆነ ይንገሩኝና ልተወው።»

መሪጌታ ስለ ሸማኔው ማውራት የጀመሩት ይህን ሰምተው ነው።

ሸማኔው የሚኖርበት አገር ከትልቅ ገደል ሥር የተዘረጋ ሜዳ ነበር። ሕዝቡ በዝናብ ያርሳል፣ ክረምት የሞላውን ኩሬ በጋውን ሙሉ ይጠጣል። ወንዝ የሚባል ነገር አያውቅም። ታዲያ ሁለት ክረምት ተከታትሎ ዝናብ ቀረ። ኩሬው ደርቆ ተሰነጣጠቀ። ከብቱ ማለቅ ጀመረ። ሴቶቹ ለአንድ እንስራ ውሃ ግማሽ ቀን መሄድ ግድ ሆነባቸው። የሸማኔው ሚስት አንድ ቀን ስትመለስ ድንጋይ አደናቅፏት ወደቀች፤ እንስራው ተሰበረ። ቤቷ ስትገባ የደማ ጉልበቷን ትታ ለፈሰሰው ውሃ አለቀሰች። ሸማኔው ከመሸመኛው ጉድጓድ ሳይወጣ ሰማት።

በዚያ ደረቅ ሜዳ ላይ እዚህም እዚያም ያልደረቀ ሳር ነበረ፤ አንዱ የመኝታ ቁርበት፣ የጀንዲ ስፋት ያህል፣ አንዱ የሰፌድ ያህል። ሜዳው አረንጓዴ ጠቃጠቆ የወጣበት ይመስል ነበር። ገበሬው ሁሉ በየድንበሩ ውስጥ ያገኘውን ለምለም ሳር ቆፈረ። ያገኘው ግን ጥቁር ጭቃ ነው። ጭቃው ሲጨምቁት መዳፍ ያረጥባል፣ ጉሮሮ አያርስም። አንድ ባለጸጋ በመሬቱ ላይ አራት ቦታ አስቆፍሮ አራቱም ቦታ ያው ጭቃ ወጣ። በመጨረሻ የአገሩ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡና፣ በሚመጣው ሳምንት ቤታችንን ዘግተን አገር ለቀን እንሂድ ብለው ቆረጡ።

ሸማኔው ለመንገድ የሚሆን ስንቅ ይገዛ ዘንድ አንድ ጋቢ ተሸክሞ ወደ ደጋው ገበያ ወጣ። አቀበቱ ልቡን ሲያጠፋው ከገደሉ አፋፍ ላይ ተቀመጠ። ቁልቁል ሲመለከት አገሩ ሁሉ ከእግሩ ሥር ነበር። የእገሌ ሳር ያውና፣ የእገሌም ያውና እያለ የሚያውቃቸውን ለምለሞች አንድ በአንድ ለየ። ድካሙ ዓይኑን አከበደበትና የዓይኑን ቆብ ከደን፣ ዓይኑን ጠበብ አደረገ። የዚያን ጊዜ የእገሌና የእገሌ የሚባለው ነገር ጠፋ። ማንም ሳይነካቸው አረንጓዴዎቹ እጅ ለእጅ ተያያዙ። ከገደሉ ሥር ተነሥቶ፣ በባለጸጋው ማሳ ዞሮ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ኋላ አልፎ የሚሄድ አንድ የተጠማዘዘ ጥለት ታየው።

ሸማኔው ተነሥቶ ቆመ። ዓይኑን አሻሸና እንደገና አየ። አሁን ቢፈልግም መበታተን አልቻለም፤ ጥለቱ ጥለት ሆኖ ቀረ።

ከመካከሉ ግን ተቋርጧል። አንድም ሳር ያልበቀለበት፣ ኮረትና ጠጠር ብቻ የሆነ ሰፊ ቦታ አለ። ከላይ የመጣው መስመር ጠጠሩ ዳር ሲደርስ ይጠፋል፤ ከማዶ ደግሞ በዚያው አካሄዱ ይቀጥላል። ሸማኔው ዕድሜውን ሙሉ ክር ያየ ሰው ነው። ማግ ከድር ሥር ሲገባ ከዓይን ይሰወራል፤ የተበጠሰ የሚመስለው ሽመና ለማያውቅ ሰው ነው። «ከዚህ ሥር የሚሄድ ነገር አለ» አለ ለራሱ።

ጋቢውን እንደያዘ ቁልቁለቱን ወረደ።

ሚስቱ ደጃፍ ላይ ስታየው ደነገጠች። «ገበያው ተበተነ እንዴ?»

«ገበያ አልደረስኩም» አላትና ያየውን ነገራት።

«ይስቁብሃል» አለችው።

«ይሳቁ። አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ወደ ጓዳ ገባች። ለዘር የቀረቻቸውን አንድ እፍኝ ባቄላ ይዛ ወጣች። «በአፍህ ብትነግራቸው አያምኑህም። በዚህ አሳያቸው» አለችው።

ሽማግሌዎቹ በአገሩ አለቃ፣ በጭቃ ሹሙ ግቢ ተቀምጠው ስለ ጉዞው ይመክሩ ነበር። ሸማኔው ነገሩን ሲናገር እውነትም ሳቁ። ባለጸጋው፣ «መሬት የሌለው ሰው ስለ መሬት ምን ያውቃል? እኛ ሳር ባለበት ቆፍረን አጣን፤ ይህ ሳር በሌለበት ቆፍሩ ይለናል» አለ።

ሸማኔው አልተከራከረም። አዲሱን ጋቢ ከመሬቱ ላይ ዘረጋ። ባቄላዎቹን፣ ለምለሞቹን ሳሮች ከአፋፉ ላይ ሆኖ እንዳያቸው አድርጎ በጋቢው ላይ ደረደራቸው፤ መካከሉንም ባዶ ተወው። ከዚያ ወደ ጭቃ ሹሙ ዞረ። «ጌታዬ፣ ከዚህኛው ባቄላ ይነሡና እስከ መጨረሻው በጣትዎ ይሂዱበት።»

ጭቃ ሹሙ ሽማግሌ ሰው ነበሩ። ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ባቄላ ለባቄላ አስኬዱ። ባዶው ቦታ ሲደርሱ ጣታቸው አልቆመም፤ ጥምዝምዙን ጠብቆ ባዶውን አለፈና ከማዶው ባቄላ ላይ ደረሰ።

«ባዶውን ለምን አለፉት?» አለ ሸማኔው።

«መንገዱ በዚያ ነዋ» አሉ ጭቃ ሹሙ። ይህን ካሉ በኋላ ጣታቸውን አላነሡም። ባቄላውን አዩ፣ ቀና ብለው ሜዳውን አዩ፣ እንደገና ባቄላውን አዩ። ከዚያ በኋላ የሳቀ ሰው አልነበረም። «ሦስት ቀን ይቆፈር» ብለው ፈረዱ።

በመጀመሪያው ቀን ሃያ ሰው ቆፈረ። ጠጠሩ እየተናደ አስቸገረ። በሁለተኛው ቀን ሃያው ሰው ወደ ሰባት ወረደ። ባለጸጋው አህዮቹን መጫን ጀመረ። በሦስተኛው ቀን ጉድጓዱ ውስጥ የቀረው ሸማኔው ብቻ ነበር፤ ሚስቱና ሦስት ሰዎች ከላይ በገመድ ጠጠር ይጎትታሉ። ከአፋፉ የተሰማው ልበ ሙሉነት ከእሱም ላይ እያለቀ ነበር። ጥለቱን የሸመነው የእኔው ዓይን ይሆን እያለ ተጠራጠረ። ያም ሆኖ ዲጂኖውን አላስቀመጠም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ ድንጋይ ፈንቅሎ አወጣ። ድንጋዩ በላይ በኩል ደረቅ ነው፤ በታች በኩል ሲዳስሰው ላብ እንዳለው ሰው ገላ ረጥቦ ቀዘቀዘው። ሁለተኛውን ፈነቀለ። ከሥሩ ጠጠሩ ራሱ ተንቀሳቀሰ። ውሃው መጀመሪያ ጣቶቹን ነካው፣ ቁርጭምጭሚቱን ዋጠው፣ ገመድ ሲወረውሩለት ጉልበቱ ደርሶ ነበር።

«እንስራ አምጡ» አለ ከጉድጓዱ ውስጥ።

ከላይ ሚስቱ እልል አለች። እልልታው ከጎጆ ወደ ጎጆ ተቀባበለ፤ የተጫኑት አህዮች ተራገፉ፤ ሰው ሁሉ ወደ ጠጠሩ ሮጠ። መሬት ተንዶ የቀበረው የጥንት ወንዝ ነበር፤ ማንም ሳያውቀው በጠጠሩ ውስጥ ሲሄድ ኖሯል። ጭቃው እርጥበቱን ስቦ ሳር ያበቅላል፣ ውሃውን ግን አይለቅም። ጠጠሩ ሳር አያበቅልም፣ ውሃውን ግን ያሳልፋል። በዚያው መስመር ሌሎች ባዶ ቦታዎችን ፈልገው ሁለት ጉድጓድ ጨመሩ። አገሩን የለቀቀ አንድም ቤት አልነበረም።

በዚያች ማታ ጭቃ ሹሙ የመጀመሪያውን ዋንጫ ለሸማኔው በእጃቸው ሰጡት፤ ከሽማግሌዎቹም መካከል አስቀመጡት። ባለጸጋው አጠገቡ መጥቶ ተቀመጠ። «የእኔን ሳር ዘወትር አየዋለሁ» አለው። «የጎረቤቴንም አየዋለሁ። ሁለቱን አብሬ ግን አይቼ አላውቅም።»

መሪጌታ ልሳኑ ይህን ጨርሰው ወደ እመት ይርገዱ ዞሩ።

«እንግዲህ እመት ይርገዱ፣ እርስዎ እንደ እነዚያ ገበሬዎች እየቆፈሩ ነው። ፊደል ለምለም ሳር ነው፤ ቃል ወንዝ ነው። በእያንዳንዱ ፊደል ላይ ቆመው ቢቆፍሩ የሚያገኙት ጭቃ ነው። እግዜር አእምሮን ሲፈጥረው የተቀራረበውን እንዲያዛምድ፣ የሚመሳሰለውን እንዲያቧድን፣ የተቋረጠውን እንዲቀጥል አድርጎ ፈጠረው። ሸማኔው ጥለቱን አልሠራም፤ አእምሮው እንዲሠራ ትንሽ ራቅ አለለት እንጂ። እርስዎም የልጅ ልጅዎን በመንገድ ሲያዩ ዓይኑን ከአፍንጫው እየቆጠሩ አይደለም የሚያውቁት። ቀድሞ የሚታይዎት ልጁ ነው። ይህን የሚያደርግ አእምሮ አላረጀም። መጽሐፉን ከዓይንዎ ራቅ ያድርጉት፤ ፊደሉን አይጠብቁት፤ መስመሩን ይዩት።»

እመት ይርገዱ መጽሐፉን ከፈቱ። ክንዳቸውን ዘረጉና ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉ። ከንፈራቸው ፊደል ሊቆጥር ጀመረ፤ ተዉት። መስመሩን ከዳር እስከ ዳር አዩት።

«ገበሬው በሬዎቹን ፈታ» አሉ።

ቀጥሉ እስኪባሉም አልጠበቁም፤ ቀጣዩን መስመር ጀምረውታል።