ሎሚና አመድ የነካው መስታወት

አንድ ሰውዬ ነበር። ስሙን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ ዞራችሁ ትፈልጉታላችሁ። ዕድሜውን ሙሉ ደሴ ውስጥ ሬዲዮ ሲጠግን የኖረ ነው። ዓይኑ ደቃቁን ሽቦ መለየት ሲያቅተው ሱቁን ዘጋና ቴሌስኮፕ ልሥራ ብሎ ተነሣ። ቅርቡ ሲያቅተው ሩቁን ፈለገ።

በምን ሊሠራ? ሰው በጣለው ነገር። ወፍራም የውኃ ቱቦ፣ የልብስ ስፌት መኪና እግር፣ ከተሰበረ አጉሊ መነጽር የወጣ ሌንስ። ዋናው ግን መስታወቱ ነው። እሱን ከአንድ ቆራሌ ማዳበሪያ ውስጥ አገኘው፤ የሾርባ ሳህን የሚያህል፣ መሐሉ በስሱ ጎድጎድ ያለ። የሩቁን ብርሃን ሰብስቦ አንድ ቦታ የሚያመጣው ያ ጉድጓድ ነው። ስምንት ወር ለፋበት። ሚስቱን ወይዘሮ የሺመቤትን፣ ለመስቀል ጨረቃን ደጅሽ ድረስ አመጣልሻለሁ አላት።

እሷስ? ደስ አላት። ደስ ስላላትም ልታግዘው ፈለገች። በበዓሉ ዋዜማ እሱ ገበያ ሲወጣ፣ የነሐስ ሰሃኖቿን በሎሚና በአመድ ስትወለውል መስታወቱንም ጨምራ ወለወለችው። እኛ የምናውቀው የቤት መስታወት ብሩ ከጀርባው ነው፤ ፊቱን ብትፈትጉት ይጠራል እንጂ ምን ይሆናል? የቴሌስኮፕ ግን ብሩ ከፊቱ ነው። ሰውዬው ሲመለስ የጠበቀው እንደ መስኮት ማዶውን የሚያሳይ ብሩ የተላጠ ባዶ መስታወት ነበር።

አልጮኸም። ቢጮኽ በተሻለ። መስታወቱን በጨርቅ ጠቅልሎ አልጋ ሥር ከተተው፤ አንደበቱንም አብሮ ከተተው። ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር አለፈ። ሠላሳ ስድስት ዓመት አብረው የበሉ ሰዎች አንድ ገበታ ቀርበው ጨው አቀብይኝ እንኳ መባባል ተዉ። በመጨረሻ ወይዘሮ የሺመቤት ልብሷን ሸክፋ ወልድያ እህቷ ዘንድ ልትሄድ ተነሣች።

ከመሄዷ በፊት ግን መስታወቱን ከአልጋ ሥር አውጥታ ከነጓዟ ጋሽ ከድር ቤት ይዛ ሄደች። ጋሽ ከድር ድሮ መስታወት ላይ ብር እየቀቡ ይተዳደሩ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። አገላብጠው አዩት፤ ጉድጓዱን በጣታቸው ዳበሱትና ባሏን አስጠሩት።

ሰውዬው መጣ። ገና ከበሩ፣ እሱ እኮ አልቆለታል አለ።

«ምኑ ነው ያለቀለት?» አሉት። «ይህን ጉድጓድ የሠራ ሰው ምን ያህል እንደለፋበት ታውቃለህ? ቅርጹ እንዳለ ነው። የጠፋው ቅቡ ነው። ቅብ ደግሞ ይቀባል።»

ሰውዬው መስታወቱን አላየም። ሚስቱን አየ፤ እግሯ ሥር ያለውን ጓዝ አየ።

«ፊቱ እንደማይነካ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር» አላት። ከሁለት ወር በኋላ የተናገራት የመጀመሪያው ቃል ነው።

ጋሽ ከድር ብሩን በጥብጠው አፈሰሱበት። ትንሽ ቆይቶ ሦስቱም አጎንብሰው ቢያዩ መስታወቱ ፊታቸውን አስፍቶ መለሰላቸው። ጓዙም ወልድያ አልሄደም። በዚያው ሳምንት አንድ ምሽት፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ወይዘሮ የሺመቤት በቱቦው ጨረቃን አየች። ዓይኗን ከቱቦው ሳታነሣ፣ «ይህን ሁሉ ጠባሳ ይዛ ነው የምታበራው?» አለች።

ወገኖቼ፣ እናንተስ አልጋ ሥር ምን አላችሁ? አልቆለታል ብላችሁ በጨርቅ የጠቀለላችሁት ማንን ነው? ልጃችሁን ነው? ወንድማችሁን ነው? ወይስ ራሳችሁን?

እኔም ጠቅልዬ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ተቆጥቼ አይደለም የምነግራችሁ። እግዚአብሔር ሰውን በመልኩ ሠራው ስንል ቀላል ነገር አይደለም። ኃጢአት ቅቡን ልጦታል፣ እውነት ነው። አንዳንዴም የላጠው ክፋት ሳይሆን ባለማወቅ የወለወለ ፍቅር ነው። የፈጣሪ እጅ ያወጣውን ቅርጽ ግን የእኛ አመድ አይጨርሰውም።

ሰውዬው ዛሬም እዚሁ መካከላችን ተቀምጧል። አትዙሩ አልኳችሁ። ይልቅ ዛሬ ማዕድ ስትቀርቡ፣ ካኮረፋችሁት ሰው ጋር የምትነጋገሩበት ቃል ቢጠፋችሁ፣ ጨው አቀብለኝ በሉት። የቀረውን እግዚአብሔር ይቀባዋል።