የሰናይት ኮክ

ስሙኝማ፤ ጆሮ ካልሰጣችሁኝ አልጀምርም።

ዘርፌ የምትባል እናት ነበረች። አንዲት ልጇ ሰናይት አረብ አገር ስትሄድ ደጃፉ ላይ የተከለቻትን የኮክ ችግኝ እያሳየች «እማዬ፣ ኮኬን አደራ» አለቻት። የቧንቧው ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ነው። ዘርፌ ራሷ እየተጠማች ታጠጣለች፤ ኮኳ ግን ትጠወልጋለች።

«አንተ አፈር፣ ውሃዬን የት ነው የምታደርሰው?»

«ሆዴ ባዶ ነው፤ በምን ልያዘው? እበት አምጪልኝ።»

አፈሩ ውሃ አልይዝ አለ። ዘርፌ ወደ እበቱ ሄደች።

«አንተ እበት፣ ወደ አፈር ውረድ።»

«አልወርድም። ኩበት ሆኜ እንድነድ የእትዬ የሺመቤት ምድጃ ይጠብቀኛል።»

እበቱ ወደ አፈር አልወርድ አለ፤ አፈሩ ውሃ አልይዝ አለ። ዘርፌ ላሞች ወዳሏት ጎረቤቷ ዘለቀች።

«እትዬ የሺመቤት፣ በማርያም፣ እበቱን ስጡኝ።»

«ኧረ ዘርፌ! ለአንድ ኮክ ብለሽ ሽሮዬን ጥሬ ልታስቀሪው ነው? ለምድጃዬ እንጨት አምጪና ሙልጭ አድርገሽ ውሰጂው።»

ምድጃው እበቱን አልለቅ አለ፤ እበቱ ወደ አፈር አልወርድ አለ፤ አፈሩ ውሃ አልይዝ አለ። እንጨት ከየት ይምጣ? ቤቷ ያለው እንጨት የሰናይት የዋንዛ አልጋ ብቻ ነው። በየቅዳሜው አንሶላውን አራግፋ መልሳ ታነጥፈዋለች።

«አንተ አልጋ፣ ለምድጃ ተፈለጥ።»

«የሰናይት ነኝ። እሷ ካላዘዘች አልፈለጥም።»

አልጋው አልፈለጥ አለ፤ ምድጃው እበቱን አልለቅ አለ፤ እበቱ ወደ አፈር አልወርድ አለ፤ አፈሩ ውሃ አልይዝ አለ፤ ኮኳም ቅጠሏን ማርገፍ ጀመረች። ዘርፌ ተንበረከከች። «እመቤቴ፣ የልጄን ቃል አሰሚኝ።» ሌላ አልለመነችም።

በሦስተኛው ቀን ስልኩ ጮኸ።

«እማዬ፣ ኮኬ አለች?»

«አለች፣ እየጠበቀችሽ። አልጋሽም እንደተነጠፈ ነው። መቼ ትመጫለሽ የኔ ልጅ?»

ሰናይትም እንዲህ አለች፦ «አልጋውን ለማን ታቆዪዋለሽ፣ እማዬ? ፍለጪው። እኔ እኮ አልመጣም።»

አልጋው ተፈለጠ፤ ምድጃው እበቱን ለቀቀ፤ እበቱ ከገለባ ጋር በስብሶ ወደ አፈር ወረደ፤ አፈሩ ውሃ ያዘ፤ ውሃው ሳምንት ሙሉ ከረመ፤ ኮኳ አበበች፣ አፈራችም።

ዘርፌ የለመነችው ሁሉ ተሰጣት፤ የልጇንም ቃል ሰማች። ፍሬውን ለሰፈር ልጆች ታድላለች። «እርስዎስ?» ሲሏት፣ «ጾም ነኝ» ትላለች።

የኔ ተረት እዚህ ላይ በቃው። እሷ ግን ጾሟን እስካሁን አልፈታችም።